ፎቶግራፍን በቤት ስለ ማተም

ፎቶግራፍ እንደ ዛሬው ሳይረክስ፣ ሰው ፎቶግራፍ ለመነሣት ቀን ይቆርጥ ነበር። የክት ልብሱን ለብሶ፣ ጠጉሩን አበጥሮ ወደ ፎቶ ቤት ይሄዳል፤ ከመጋረጃው ፊት ባለው ወንበር ተቀምጦ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ ከጥቂት ቀናትም በኋላ ሦስት ወይም አራት ቅጂ በፖስታ ተደርጎ ይሰጠዋል። ከነዚህም አንዱን ለእናቱ ይልካል፤ አንዱን ከጀርባው «ለማስታወሻ» ብሎ ጽፎ ለወዳጁ ያበረክታል፤ የቀረውን ከግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ዛሬ ግን ማንኛችንም ብንሆን በኪሳችን በያዝነው ስልክ፣ በአንድ የሠርግ ቀን ብቻ ሁለትና ሦስት መቶ ፎቶግራፍ እናነሣለን። ብዛቱ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ፣ በእጅ ተይዞ ለእንግዳ የሚታይ ግን ከብዙው ቤት አንድም አይገኝም።

በዚህ ጽሑፍ ልንናገር ያሰብነው፣ ከወር ደመወዝ ሌላ ገቢ የሌለው ቤተ ሰብም ቢሆን በቤቱ ውስጥ ጥሩ ፎቶግራፍ ሊያትም እንደሚችል ነው። የምንናገረውም በወሬ የሰማነውን ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ክፍል የምንሠራ አራት ባልደረቦች የእቁባችንን አንድ ዙር ለማተሚያ መኪና አውለን በየቅዳሜው ሠርተን ያየነውን ነው።

ወረቀት ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር በተወሰደበት በ1860 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1868)፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል እንግሊዛዊት በዋይት ደሴት ፎቶግራፍ አንሥታዋለች። የእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ የታተመው ያ ፎቶግራፍ ከ150 ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም የሕፃኑን ያዘነ ዓይን እናይበታለን። በአንጻሩ ደግሞ ኢንተርኔትን ከፈጠሩት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ቪንት ሰርፍ በ2007 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2015)፣ የዛሬውን ፋይል የሚያነብ መሣሪያ ነገ ላይኖር ስለሚችል፣ ሰው የሚሳሳለትን ፎቶግራፍ በወረቀት ቢያትም እንደሚሻለው አስጠንቅቀው ነበር። ነገሩን ይህን ያህል የሚያውቁት ሰው ወደ ወረቀት ተመለሱ ካሉ፣ እኛ የምንከራከርበት ምክንያት አይታየንም።

ለመግዛት ያስወሰነን ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ አምና አባቱን በሞት አጣ። አባትየው በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ ጥቂት አልነበረም፤ ዳሩ ግን ሁሉም በልጃቸው ስልክ ውስጥ ነበርና፣ ስልኩ ከሞታቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ታክሲ ውስጥ ተሰርቆ ነበር። ለለቅሶው ድንኳን የሚሆን ፎቶግራፍ ሲፈለግ የተገኘው፣ የእኅቱ ልጅ ከዚህ በፊት በቴሌግራም የላከችው አንድ ብቻ ሆነ። እርሱም ስድስት ሰዎች አብረው የተነሡበት ሲሆን፣ የአባትየው ፊት ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ይህንኑ ይዞ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ቢሄድ፣ ባለሙያው በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሳድጎ በማግሥቱ 50 በ70 ሳንቲ ሜትር አድርጎ አስረከበው። ሥዕሉ እጅግ የጠራ ነበር፤ ቅንድቡ ተቆጥሮ ያልቃል፤ ቆዳው እንደ ሸክላ ሳሕን ልስልስ ብሏል። የሟቹ ባለቤት ከተቀመጡበት ቀና ብለው አዩትና «ይኼ ደግሞ ማነው?» አሉ። ፎቶግራፉም ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ዋለ።

መኪናው የሌለውን ከየት ሊያመጣ ይችላል? ዲጂታል ፎቶግራፍ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። በዚያ ሥዕል ውስጥ የአባትየው ፊት ወርድ ዘጠና ነጥብ ያህል ነበር። ዘጠና ነጥብ በ25 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ነጥብ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ በነጥብና በነጥብ መካከል ያለውን ባዶ፣ ከሺሕ ሌሎች ሰዎች ፊት በተማረው ግምት ሞላው። ለጌጥ ሥዕል ይህ ነውር ላይሆን ይችላል፤ ለሟች አባት ፊት ግን የባዕድ ዓይንና የባዕድ ጥርስ መስጠት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዳይ ወረቀትም ቀለምም ሳይሆን የፎቶግራፉ ምንጭ ነው። በእጅ ተይዞ ለሚታይ ፎቶግራፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢኖር በቂ ነው ይባላል። በዚህ ሒሳብ የፖስት ካርድ መጠን ላለው 1240 በ1748 ነጥብ፣ ለሙሉ ኤ4 ገጽ ደግሞ 2480 በ3508 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ኤ4 ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ራቅ ተብሎ የሚታይ ከሆነ በኢንች 200 ነጥብም ያደርሳል። ባለ 12 ሚሊዮን ፒክስል የሆነ ተራ የእጅ ስልክ 4000 በ3000 ነጥብ ስለሚሰጥ ለሁለቱም ይተርፋል። ጉዳቱ የሚመጣው በመላላኩ ጊዜ ነው። ቴሌግራምም ዋትስአፕም ፎቶግራፉን እንደ ተራ ፎቶ ስንልከው መንገዱ እንዲቀልለት መጠኑን ይቀንሱታል። ለምሳሌ 1280 በ960 ሆኖ የደረሰን ፎቶግራፍ በጥራት ሊታተም የሚችለው እስከ 11 በ8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ሲላክ «ፋይል» ወይም «ዶክመንት» በሚለው በኩል መላክ፣ አለዚያም በፍላሽ መቀባበል። ከዘመድ ፎቶግራፍ ስንጠይቅ ይህን አንድ ቃል መጨመር ከውድ ወረቀት ይበልጥ ይረዳል።

ወደ መኪናው እንለፍ። የመሥሪያ ቤቱን ማተሚያ ለግል ፎቶግራፍ ማዋል ከደንብም ከሕሊናም ጋር የሚያጣላ መሆኑ ይቅርና፣ በየቢሮው የሚገኘው ዱቄት የሚጠቀመው የሌዘር ማተሚያ ለደብዳቤ እንጂ ለፊት የሚሆን አይደለም። ሌላው ዐይነት ቀለሙ በጥብጣብ ላይ ሆኖ በሙቀት ወደ ወረቀት የሚተላለፍበት ትንሽ መኪና ነው። የሚያወጣው ሥዕል ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥብጣቡና ወረቀቱ አብረው ተቆጥረው ስለሚሸጡ የሌላ ፋብሪካ ወረቀት አይቀበልም፤ ከፖስት ካርድ መጠን በላይም አያትም። የቀረው ቀለም የሚረጨው ማተሚያ ነው።

የዚህ መኪና ታሪክ ደስ የሚያሰኝ ነው። በ1969 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1977) በጃፓን በካኖን ኩባንያ ቤተ ሙከራ፣ የጋለ የብየዳ ብረት ሳይታሰብ ቀለም የያዘ የሲሪንጅ መርፌ ነክቶ ቀለሙ ፊን ብሎ ሲወጣ በማየታቸው፣ በሙቀት ቀለም የመርጨት ሐሳብ ከዚያ ተነሣ ይባላል። ኤፕሰን ግን በሙቀት ፋንታ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካው ቅርጹን የሚለውጥ ቁስ ቀለሙን ገፍቶ እንዲያወጣ አደረገ። ለብዙ ዘመን የነዚህ ፋብሪካዎች ጥቅም በመኪናው ላይ ሳይሆን በካርትሪጁ ላይ ነበር፤ መኪናውን በርካሽ ሸጠው ቀለሙን በውድ ይሸጣሉ። የኢንዶኔዥያ ሰዎች ይህ አልዋጥላቸው ሲል፣ ከውጭ ጠርሙስ አስቀምጠው በቀጭን ቱቦ ቀለሙን ወደ መኪናው መሳብ ጀመሩ። ኤፕሰንም በ2003 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2010) ራሱ ባለ ታንክ ማተሚያ ሠርቶ በመጀመሪያ ለዚያው ለኢንዶኔዥያ ገበያ አቀረበ። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ባለ ጠርሙስ ማተሚያ እንግዲህ የቸገረው ሰው ብልኃት ነው።

እኛ የገዛነውም ባለ ታንክ ነው። አራት ቀለም ያለው ረክሶ ይገኛል፤ ስድስት ቀለም ያለው ግን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊና ፈዘዝ ያለ ቀይ ስለሚጨምር ጉንጭና ግንባር ላይ ያለውን ብርሃን ሳያሻክር ያወጣል። አቅም ከተገኘ ስድስቱን፣ ካልተገኘም አራቱን መያዝ ነው፤ በጥሩ ወረቀት ላይ የአራቱም አያሳፍርም። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በቁጥር ከመጥቀስ እንቆጠባለን። ነገር ግን በዓመት ዐሥር ፎቶግራፍ ብቻ የሚያትም ሰው መኪና ቢገዛ ኪሳራ ነው፤ ፍላሹን ይዞ ፎቶ ቤት ይሂድ። ከኤ4 የሚበልጥ የሚፈልግም እንደዚሁ። ለአራት ቤት ተካፍሎ በየሳምንቱ ለሚሠራ ግን ያዋጣል፤ ከሁሉም ይበልጥ ደግሞ ፊቱ ጠቁሮ ወይም ቀልቶ ሲወጣ ተመልሶ ለማስተካከል የሚለምኑት ሰው የለም።

ስለ ወረቀት ብዙ ሰው የሚሳሳተው በክብደቱ ነው። በእሽጉ ላይ 180፣ 200፣ 230፣ 260 ግራም የሚል ይጻፋል፤ ይህ ስለ ውፍረቱ ይናገራል እንጂ ስለ ጥራቱ አይናገርም። ጥራቱ ያለው በላዩ በተቀባው ልባስ ነው። በገበያችን በብዛት የሚገኘው ርካሹ አብረቅራቂ ወረቀት ጀርባው ተራ ወረቀት ነው፤ ቀለም ይቀበላል፤ ግን ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ውኃ ሲነካውም ይበላሻል። ከዚህ የተሻለው ከፊትም ከጀርባም ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ሲሆን፣ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል፤ ጥቁሩ ጠልቆ ይወጣል፤ ቶሎም ይደርቃል። የማያብረቀርቀው፣ ሱቆች «ማት» የሚሉት፣ በመስተዋት ክፈፍ ለሚሰቀል ፎቶግራፍ ይመረጣል፤ የጣት አሻራ አይታይበትም፤ እንደ አብረቅራቂውም ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቆ አይቀርም። የትኛው ወገን እንደሚታተምበት ያልለየ ሰው ጣቱን በትንሹ አርሶ ጠርዙን ይንካ፤ የሚይዘው ወገን የተቀባው ነው።

ቁጠባውም እዚሁ ላይ ነው። የፖስት ካርድ መጠን ተቆርጦ የሚሸጠውን ከመግዛት ይልቅ ኤ4ን ገዝቶ በአንድ ገጽ አራት ፎቶግራፍ አሰልፎ ማተምና በማስመሪያና በምላጭ መቁረጥ ይሻላል። እያንዳንዱ ክፍል 10.5 በ14.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ባለ 20 ቅጠል እሽግም 80 ፎቶግራፍ ያወጣል። የስልክ ሥዕል ከዚህ ጥቂት ሰፋ ያለ ቅርጽ ስላለው ጠርዙ ይቆረጣልና፣ ከዳር የቆሙት አያት ጆሮ እንዳይጎድል አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ወረቀቱም የፎቶ ወረቀት መሆኑን ለመኪናው በኮምፒዩተሩ ላይ መንገር የግድ ነው፤ «ተራ ወረቀት» እንደ ተባለ ከተተወ፣ ምንም ያህል ውድ ወረቀት ቢገባ ሥዕሉ ደብዝዞ ይወጣል።

ቀለምን በሚመለከት አንድ ሙከራ አድርገናል። አንዱን ፎቶግራፍ፣ አንድ ጊዜ ፋብሪካው በሚያቀርበው ቀለም፣ ሌላ ጊዜ በሊትር በርካሽ በሚሸጠው ቀለም አተምነውና፣ የሁለቱንም ግማሽ በካርቶን ሸፍነን ወደ ምሥራቅ በሚያይ መስኮት ላይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ለጠፍናቸው። ካርቶኑ ሲነሣ የፋብሪካው በጥቂቱ ፈዝዞ ነበር። የርካሹ ግን ቀዩ ከላዩ ላይ ሸሽቶ፣ የሕፃኑ ፊት የታመመ ሰው መስሎ አረንጓዴ ሆኗል። በዚያው ሰሞን ታትመው በአልበም ተዘግተው የቆዩት ሁለቱም ምንም አልሆኑም። ምክንያቱም በአብዛኛዎቹ የቤት ማተሚያዎች ያለው ቀለም በውኃ የሟሟ በመሆኑ ብርሃንና አየር ያደክሙታል፤ በውኃው ውስጥ ተንሳፎ የሚኖር ጥቃቅን ብናኝ ያለበት ሌላው ዐይነት ቀለም እድሜው ይረዝማል፤ መኪናው ግን ውድ ነው። እኛ የደረስንበት ስምምነት፣ ፀሐይ የሚያገኘውንና የማያገኘውን ለይተን፣ ከግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሁለት ቅጂ ማተምና አንዱን ከአልበም ማኖር ነው።

አሁን ወደ ፊት ቀለም እንምጣ፤ ይህ ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነውና። ከ1950ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ኮዳክ ለየፎቶ ቤቱ የሚልከው የቀለም መለኪያ ካርድ፣ «ሸርሊ» እየተባለ የሚጠራው፣ የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ያለበት ነበር። የእርሷ ፊት ካማረ የሁሉም አማረ ይባል ስለ ነበረ የጥቁር ሰው ፊት በጥላ ተውጦ ሲወጣ ኖረ። የዛሬ ስልኮች በዚህ ረገድ ተሻሽለዋል። ሆኖም ነጭ ነጠላ የለበሱ እናታችንን በፀሐይ ስናነሣ፣ መሣሪያው ነጠላውን አይቶ ብርሃኑን ይቀንስና ፊታቸውን ያጨልመዋል። ስለዚህ በማንሣቱ ጊዜ በስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣት መንካትና፣ በቀትር ፀሐይ ሳይሆን ከደጃፍ ጥላ ማስቀመጥ ይገባል። ስክሪን ከውስጡ ብርሃን ይሰጣል፤ ወረቀት ግን የተቀበለውን ብርሃን ብቻ ይመልሳል፤ በስልክ ደምቆ የታየው በወረቀት የሚጨልመውም ስለዚህ ነው። እኛ ከማተማችን በፊት የስክሪኑን ድምቀት እስከ ግማሽ እናወርዳለን፤ በፊት ላይ ያለውን ጥላም ትንሽ ከፍ እናደርጋለን። ከዚያም ሙሉውን ገጽ ከማባከን፣ ዓይንና ጉንጭ የሚታይበትን ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ አስቀድመን አትመን በመስኮት ብርሃን እናያታለን። የጠየሙት ጠይም፣ የቀሉት ቀይ ሆነው እስኪወጡ ድረስ ይህን ማድረግ አይሰለችም። ሰውን ነጭ አድርጎ ማስዋብ የሚወዱ አንዳንድ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም።

ስለ መኪናው አያያዝ ባጭሩ፦ ሳይሠራ ብዙ ሲቆይ ቀለም የሚረጩት ቀዳዳዎች ይደርቃሉና በሳምንት አንድ ቀለማም ገጽ ማተም ይበጃል። ሲጠፋም በራሱ ቁልፍ ይጥፋ እንጂ ገመዱ አይነቀል፤ በቁልፍ ሲጠፋ የማተሚያው ራስ ወደ ቦታው ተመልሶ ይከደናል። መብራት በድንገት ከሄደበትም ሲመለስ አብርቶ በቁልፉ ማጥፋት ነው። ማጽጃውን በየምክንያቱ የሚያዝዝ ሰው ቀለሙን ወደ ውስጥ ማጠራቀሚያ እያፈሰሰ መሆኑን ይወቅ።

ከሁሉ ያስቸገረን መምረጡ ነበር። እያንዳንዱ ቤት በወር አራት ፎቶግራፍ ብቻ፣ ይኸውም አንድ ገጽ፣ እንዲያትም ተስማማን። ሦስት መቶውን አይቶ አራት ማስቀረት ባልና ሚስትን ያከራክራል፤ ልጆችም የየራሳቸውን ይይዛሉ። በስተኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልን፤ የሚመረጡት ያማሩት አልነበሩም። አያት ቡና ሲቆሉ፣ አንድ ልጅ ደብተሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ የፈረሰው አሮጌ ቤታችን በር ከነድንጋዩ፣ እነዚህ ነበሩ።

የቆየ ፎቶግራፍም በዚሁ መንገድ ሊበዛ ይችላል። ከክፈፉ አውጥቶ፣ በመስኮት አጠገብ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አኑሮ፣ ያለ ፍላሽ ከላይ ቀጥ ብሎ ማንሣት ይበቃል። ባለፈው ጥር ከመካከላችን የአንዱን አክስት ልንጠይቅ ወደ ደብረ ብርሃን አካባቢ ስንሄድ፣ ከዚህ ዐይነቱ አንድ ይዘንላቸው ሄድን። ሦስት ጎረምሶች ተቃቅፈው የቆሙበት፣ ጠርዙ የተበላ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነበር፤ ሁለቱን እናውቃለን፤ ሦስተኛውን ከቤተ ሰቡ የሚያውቀው አልነበረም። አክስትየው ቅጂውን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ካዩት በኋላ ስሙን ከነአባቱ ጠሩት። ለውትድርና ሄዶ ያልተመለሰ የእናታቸው ወንድም ልጅ ነው። የወረቀቱ ጀርባ ተራ ወረቀት ስለ ነበረ በእርሳስ ስሙንና የመንደሩን ስም እርሳቸው እየነገሩን ጻፍንበት፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ገጽ ስለሚያልፍ እርሳስ ይሻላል። እርሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ ከሚያኖሩበት ሣጥን ከተቱት። ልንነሣ ስንል ግን «ቆይማ፣ የእኅቱ ልጅ ሸኖ ተድራ አለች፤ መልኩን አይታው አታውቅም፤ ለእርሷም አንድ ጨምሩልኝ» አሉን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከምናትመው ገጽ አንዱ ሩብ ለእርሷ ተይዟል።